ጊታራችሁን ከማሳየታችሁ በፊት፦ ኤሌክትሪክ ጊታርን ቤት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ማሻሻል

የፒንክ ፍሎይድ ባንድ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር እ.ኤ.አ. በ1970 ኒውዮርክ የገዛት ጥቁር ስትራቶካስተር (በአጭሩ «ስትራት» የምትባለው የፌንደር ጊታር) በ2019 ጨረታ ላይ ወጥታ በ3.975 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ከፋብሪካ እንደወጣች የቆየች ጊታር እንዳትመስላችሁ። አንገቷ ደጋግሞ ተቀይሯል። የብሪጅ ፒክአፗም እንደዚያው፤ ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔትና ጥቅልል ነው፣ ብሪጅ ደግሞ ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ብረት። ተጨማሪ ትንሽ ስዊች ተገጥሞላታል፣ የትሬሞሎዋ (ብሪጁን እያነቃነቀ ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ክፍል) እጀታ አጥሯል። በ1980ዎቹ እንጨቷ ተቦርቡሮ ሌላ ዓይነት ትሬሞሎ ገብቶባት ነበር፤ በኋላ ወጥቶ ቀዳዳው በእንጨት ተደፈነ። የኤሪክ ክላፕተን «ብላኪ»ም ከተለያዩ አሮጌ ስትራቶች የተመረጡ ክፍሎች ተሰብስበው የተሠራች ናት። የኩዊን ባንዱ ብራያን ሜይ ደግሞ ጊታሩን ከነአካቴው ከአባቱ ጋር ሆኖ ራሱ ነው የሠራት። የአንገቷ እንጨት የመጣው ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ነው።

ጊታር መነካካት ነውር አይደለም ለማለት ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ከመጨረሻው መጀመሩ ነው። ውድ ፒክአፕ ያስመጣል፣ ይገጥማል፣ ፎቶ ይለጥፋል። ጊታሩ ግን አሁንም ቅኝት አይዝም፣ አሁንም ክሮቹ ከጣት በላይ ተሰቅለዋል። እኔ የማምንበት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ማስተካከል፣ ቀጥሎ መጫወት፣ ከዚያ መግዛት።

ምሳሌ የማደርገው ሦስት ነጠላ (ባለ አንድ ጥቅልል) ፒክአፕ ያለውን ስትራት መሰል ጊታር ነው። ብዙዎቻችን እጅ ላይ ያለው እሱ ነው። ደግሞም ሊዮ ፌንደር በ1954 ለገበያ ሲያወጣው ሁሉንም ነገር በብሎን ነው ያሰረው። አንገቱ በአራት ብሎን ይፈታል፣ ኤሌክትሪኩ ሁሉ ከፊት ባለው ፕላስቲክ ላይ ተሰብስቧል። ለመማሪያ ከዚህ የሚመች የለም።

1. ያለበትን ሁኔታ መዝግቡ

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ጊታሩን ቅዱት። ስልክ ይበቃል። አንድ አጭር ዜማ ምረጡና በአምስቱም የፒክአፕ ስዊች ቦታዎች ተጫወቱት። የአምፕሊፋየሩን ቁልፎች ፎቶ አንሱ። ስልኩ የተቀመጠበትን ቦታም ያዙ። በኋላ «ተሻሽሏል» የምትሉት ከዚህ ጋር አወዳድራችሁ ነው። ጆሮ አዲስ የተገዛ ነገር ሲሰማ ያዳላል።

ከዚያ ለኩ። በሚሊ ሜትር የሚያነብ የብረት ማስመሪያ ያዙና የክሮቹን ከፍታ 17ኛው ፍሬት ላይ ጻፉ፤ ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደረው የብረት መስመር ነው። የብሪጁን ስፋት ከመጀመሪያው ክር እስከ ስድስተኛው ለኩ። በፌንደር የድሮ አሠራር 56 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ርካሽ ጊታሮች ላይ ግን 52.5 አካባቢ ታገኛላችሁ። የመቃኛዎቹን ቀዳዳ ስፋትም ለኩ። የፊት ፕላስቲኩን ብሎኖች ቁጠሩ፤ ስምንት ሊሆኑ ይችላሉ፣ አሥራ አንድም ሊሆኑ ይችላሉ።

ይሄን ሁሉ የምላችሁ በምክንያት ነው። አብዛኞቻችን ዕቃ የምናገኘው ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። የማይገጥም ብሪጅ ከደረሰ በኋላ መመለሻ መንገድ የለም።

2. አዲስ ክር እና ጽዳት

አሮጌ ክር ላይ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አይሠራም። ስለዚህ ከክር ጀምሩ። የምትጠቀሙበትን ውፍረት ወስኑና አትለዋውጡ። ከ9 እስከ 42 ያለው (ቁጥሩ የኢንች ሺሕኛ ነው) ለስላሳ ነው። ከ10 እስከ 46 ያለው ትንሽ ይከብዳል፣ ድምፁም ይሞላል። ውፍረት በቀየራችሁ ቁጥር ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ክሮቹ ከወለቁ አይቀር ፍሬቶቹን አጽዱ። መሃል ያለውን እንጨት በወረቀት ቴፕ ሸፍኑና ፍሬቱን እጅግ በደቀቀው የብረት ሱፍ እሹት። ከዚያ በፊት ግን ፒክአፖቹን በቴፕ ግጥም አድርጋችሁ ሸፍኑ። የብረት ሱፍ ብናኝ ማግኔቱ ላይ ከተጣበቀ ማውጣት መከራ ነው። ፍሬት ቦርዱ ጠቆር ያለ ሮዝውድ ከሆነ ጥቂት የፍሬት ቦርድ ዘይት ይወዳል። ቫርኒሽ የተቀባ ሜፕል ከሆነ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል።

አዲሱን ክር ስታስገቡ መቃኛው ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ዙር ይበቃል። ካከረራችሁ በኋላ በጣት ሳብ ሳብ አድርጉት፣ እንደገና ቃኙት። ሲሳብ መላላቱን እስኪያቆም ድገሙት።

3. ትሬሞሎው

የምትጠቀሙበት ካልሆነ ቆልፉት። የኋላውን ክዳን ፍቱ። ስፕሪንጎቹ የታሰሩበት ቁራጭ ብረት ሁለት ረጃጅም ብሎን አለው። ሁለቱንም እኩል እያጠበቃችሁ ብሪጁ ጊታሩ አካል ላይ እስኪተኛ ድረስ ሂዱ። ካልተኛ አንድ ወይም ሁለት ስፕሪንግ ጨምሩ።

ለኛ ሙዚቃ ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው። ትሬሞሎው ተንሳፍፎ ሲቆም አንድ ክር ስትስቡ ሌሎቹ ዝቅ ይላሉ። ትዝታ ወይም ባቲ ስትጫወቱ አንዷን ድምፅ እየሳባችሁ ሌላዋን ክር ክፍት ትተዉ ይሆናል። ያኔ ሁለቱ ይጣላሉ። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ አንዷ ስትዛባ የምትደበቅበት ቦታ የላትም።

እጀታውን የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ብሪጁ ከአካሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይንሳፈፍ፤ ቅኝቱን ግን ደጋግማችሁ መጠበቅ ግዴታ ነው።

4. አንገቱ

ሰው የሚፈራው ይሄን ነው። የሚያስፈራው ግን ችኮላው ብቻ ነው።

አንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ አለ። የክሮቹን ስበት ይቋቋማል። ጊታሩን በትክክል ቃኙና ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) የመጀመሪያው ፍሬት ላይ እሰሩ። በአንድ እጃችሁ ወፍራሙን ክር አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑ። አሁን ክሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል። 8ኛው ፍሬት ላይ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት መኖር አለበት። መለኪያው መካኒኮች የካንዴላ ክፍተት የሚለኩበት ቀጭን የብረት ቅጠል ነው። ከጠፋ ቢዝነስ ካርድ ያስኬዳል፤ ከሞላ ጎደል ያን ያህል ይወፍራል።

ክፍተቱ ከበዛ ዘንጉን በሰዓት አቅጣጫ አጥብቁ። ክሩ ፍሬቱን ከነካ በተቃራኒው አላሉ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አትሂዱ። አዙራችሁ፣ ቃኝታችሁ፣ ቆይታችሁ እንደገና ለኩ። እንጨት ቀስ ብሎ ነው የሚታዘዘው። ትክክለኛ መጠን ያለው የአለን ቁልፍ ተጠቀሙ፤ የላላ ቁልፍ የዘንጉን ራስ ይበላዋል። ዘንጉ አልንቀሳቀስም ካለ አታስገድዱት፣ ጊታር ወደሚጠግን ሰው ውሰዱት። በአንዳንድ የድሮ አሠራር ጊታሮች ላይ የዘንጉ ራስ ያለው አንገቱ ከአካሉ በሚገባበት በኩል ነው። እሱን ለማግኘት አንገቱን መፍታት ያስፈልጋል።

አንገት አንዴ ተስተካክሎ የሚቀር ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በበጋው ወራት አየሩ ይደርቃል፣ ክረምት ሲገባ ይረጥባል። አሜሪካ ያለ ሰው በብርዱ ወራት ማሞቂያ ሲከፍት፣ ባሕረ ሰላጤው ያለ ሰው ኤርኮንዲሽነር ቀን ከሌት ሲያሠራ ቤቱ ይደርቃል። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። የፍሬቶቹ ጫፍ ጎን ላይ ወጥቶ እጅ የሚቧጭረው ያኔ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ጊታር ካላችሁ ጥቂት ሳምንት አሳርፉትና ከዚያ አስተካክሉ።

5. ነቱ እና የክር ከፍታ

ነት የምንለው አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበትን ነጭ ቁራጭ ነው። ትንሽ ናት፣ ጣጣዋ ግን ብዙ ነው።

ስትቃኙ ጆሯችሁን አቅርባችሁ ስሙ። መቃኛውን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ ድምፁ ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት «ጢንግ» ብሎ ይዘላል? ክሩ ነቱ ጉድጓድ ውስጥ ተነክሶ ነበር ማለት ነው። ጊታሬ ቅኝት አይዝም ከሚለው ሰው አብዛኛው ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ክሩን አውጡና የተቀረጸ የእርሳስ ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ አመላልሱ። ግራፋይቱ ያለሰልሰዋል። ዋጋው የእርሳስ ዋጋ ነው።

ቁመቱን ለማየት ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና 1ኛው ፍሬት ላይ እዩ። ፀጉር የምታሳልፍ ክፍተት ካለች ልክ ነው። ከሰፋ ነቱ ከፍ ብሏል፤ ከጫፍ ያሉ አኮርዶች ሁሉ ከቅኝት ወጥተው ይሰማሉ። ጉድጓዱን ዝቅ ማድረግ በልዩ ሞረድ የሚሠራ ሥራ ነው። አንዴ ከበዛ አይመለስም። ልምድ ከሌላችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ከፕላስቲክ ወደ አጥንት የመቀየርም ሐሳብ ካላችሁ አብራችሁ አሠሩት።

አሁን ከፍታው። ሳድሎቹ (ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባቸው ቁራጮች) ላይ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች በአለን ቁልፍ አዙሩ። 17ኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ክሩን በኃይል የምትመቱ ከሆነ ጥቂት ከፍ አድርጉት፤ ክሩ ፍሬት እየመታ ካስቸገረም እንዲሁ። ሳድሎቹ የፍሬት ቦርዱን ጉብታ ተከትለው መሃሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ይበል።

6. 12ኛው ፍሬት ላይ ያለው ፈተና

ጊታሩን ስትጫወቱ እንደምትይዙት ያዙት። ቅኝት የሚያሳየው መሣሪያ (ቱነር) ላይ ሰኩ። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ በጣት ዳሰስ አድርጋችሁ ሃርሞኒኩን አሰሙ። ቀጥሎ እዚያው ተጭናችሁ አሰሙ። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። ተጭናችሁ ያሰማችሁት ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ ሳቡት፤ ክሩ ይረዝማል። ዝቅ ካለ ወደ ፊት አምጡት። ብሎኑን በነካችሁ ቁጥር እንደገና ቃኙ። ስድስቱንም ክር እንዲህ ጨርሱ። አሰልቺ ነው፣ ግን ከጨረሳችሁ በኋላ ከላይ ያሉት አኮርዶች ሲገጥሙ ትሰማላችሁ።

7. የፒክአፕ ከፍታ

ነጻ የሆነው ትልቁ ማሻሻያ ይሄ ነው። ፒክአፕ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን በካቻቢቴ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ክሮቹን የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑና ከማግኔቱ እስከ ክሩ ለኩ። በወፍራሙ ክር በኩል 2 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 1.6 ጀምሩ። የድሮ ዓይነት ጠንካራ ማግኔት ያለው ከሆነ 2.4 እና 2። ከዚያ በላይ ካቀረባችሁት ማግኔቱ ክሩን ይጎትታል። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎ ይሞታል፣ ላይኛው ፍሬቶች ላይ ቅኝቱ የተበላሸ ይመስላል። ሰዎች ይሄን ሰምተው አንገቱን ይወቅሳሉ። ለንጹሕ ድምፅ እኔ ትንሽ ራቅ አድርጌ ነው የምወደው፤ የክሩ ትንፋሽ ይሰማል።

እዚህ ጋ ቁሙና ጥቂት ሳምንት ተጫወቱ። ብዙ ጊታሮች ከዚህ በኋላ ምንም አይፈልጉም። አሁንም የጎደለ ነገር ካለ ግን ምን እንደሆነ በቃላት መናገር ትችላላችሁ። «ብሪጁ ይቀጥናል» ወይም «ከፍ ሳደርገው ጭጋግ ይሆናል» ማለት «ፒክአፕ ልቀይር» ከማለት በጣም ይለያል።

8. ፒክአፕ መቀየር

መበየጃ ካውያ ያስፈልጋል፣ ከ40 እስከ 60 ዋት የሆነ። ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን ቀጭን ሊድ፣ መቁረጫ ፒንሳ እና ቴስተርም አዘጋጁ። ካውያው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። አምፕሊፋየርም እንደዚያው ነው፤ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። በነገራችን ላይ ጊታሩ ራሱ ሲፈታ አይነዝርም። የቱቦ አምፕሊፋየር ግን ተነቅሎም ቢሆን ገዳይ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል፤ እሱን አትክፈቱ።

ክሮቹን ፍቱ። የጊታሩን አካል በጨርቅ ሸፍኑ። የፊት ፕላስቲኩን ብሎኖች ፍቱና ገልብጡት። አሁኑኑ ከሁለት ሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱ ሽቦ የት እንደገባ መታየት አለበት።

እያንዳንዱ ፒክአፕ ሁለት ሽቦ አለው። አንዱ ወደ ስዊቹ፣ ሌላው ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ ይሄዳል፤ የጀርባው ግራውንድ ነው። አንድ በአንድ ቀይሩ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ነቅሎ ማደናገር አያስፈልግም። አዲሱን ሽቦ ጫፍ መጀመሪያ በሊድ አርጥቡት። ቀጥሎ ሽቦውንና ማረፊያውን አብራችሁ አሙቁ፣ ሊዱን ከካውያው ሳይሆን ከሞቀው ብረት አስነኩት። ፈስሶ ሲያብረቀርቅ ካውያውን አንሱና እስኪደርቅ እጃችሁን አታንቀሳቅሱ። የደበዘዘና የተኮማተረ ጠብታ ካያችሁ አልያዘም፣ ድገሙት። የመቆጣጠሪያው ጀርባ ሰፊ ብረት ስለሆነ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል።

ለነጠላ ፒክአፕ መቆጣጠሪያዎቹ 250 ኪሎ ኦም ቢሆኑ ይመረጣል። ብሪጁ ላይ ሃምባከር የምታስገቡ ከሆነ 500 የተለመደ ነው። ሃምባከር ሁለት ጥቅልል ተቃራኒ ሆነው ጉምጉምታውን የሚያጠፉበት ነው፤ ሴት ላቨር የተባለ መሐንዲስ በጊብሰን ጊታር ኩባንያ ውስጥ ሆኖ በ1955 የሠራው።

ፕላስቲኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ፈትሹ። ገመዱን አምፕሊፋየር ላይ ሰኩና የእያንዳንዱን ፒክአፕ ማግኔት በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉ። ስዊቹን እያዞራችሁ የትኛው እንደሚሰማ ስሙ። በቴስተር ለክታችሁ ከሆነ ነጠላ ፒክአፕ 6 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። ሁለት ፒክአፕ አብረው ሲሠሩ ድምፁ ከሲታና ባዶ ከሆነ የሁለቱ ሞገድ እርስ በርሱ ተቃርኗል (ፌዝ የሚባለው)፤ የአንዱን ሁለት ሽቦ ቦታ አለዋውጡ።

ከተከፈተ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በተለመደው የስትራት አሠራር የብሪጁ ፒክአፕ ቶን መቆጣጠሪያ የለውም። ስዊቹ ላይ አንዲት አጭር ሽቦ ብታገናኙ ይኖረዋል። ጆሮ የሚወጋው ድምፅ በጣት ዙር ይለዝባል። ጊልሞር ያስገጠማት ትንሽ ስዊች ደግሞ የአንገቱን ፒክአፕ ከብሪጁ ጋር ታገናኛለች፤ ስትራት በራሱ የማይሰጠው ድምፅ ነው።

ጉምጉምታ

ኢትዮጵያ ውስጥ መብራቱ 50 ኸርዝ ነው። ነጠላ ፒክአፕ ይሄን ይሰማል። ከወፍራሙ ክር በታች ያለች ወደ ጂ የቀረበች የማታቋርጥ ድምፅ ናት። የመሃሉ ፒክአፕ በተቃራኒ የተጠቀለለ ከሆነ ስዊቹ 2ኛና 4ኛ ቦታ ላይ ጉምጉምታው ይጠፋል። ስትገዙ ይሄን ጠይቁ።

የመዳብ ቴፕ ለጥፎ መሸፈን የሚረዳው በሌላኛው ነው፣ ከቻርጀርና ከመብራት በሚመጣው ጭርታ። ጎድጓዳውን በሙሉ ለብጡ፣ ቁራጮቹ እርስ በርስ ይነካኩ፣ በአንዲት ሽቦ ከግራውንድ ጋር አያይዙት። ክሩን ስትነኩ የሚቀንስ ጭርታ ከሆነ ቴፑ ይጠቅማል። ጊታሩን ይዛችሁ ስትዞሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ቴፕ አያጠፋውም። ሶኬታችሁ ኧርዝ መኖሩንም አረጋግጡ። ከሌለው ከንፈር ማይክሮፎን ሲነካ ሊነዝር ይችላል።

የሚቆልፉ መቃኛዎች ክር መቀየር ያፈጥናሉ፣ ጥሩ ናቸው። ነቱ ካልተስተካከለ ግን ቅኝት አያስይዙም። ከነቱ በፊት አትግዟቸው።

አሁን አሳዩት

ጊታሩን ወልውሉ። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ቦታ አስቀምጡት። ፍላሽ አጥፉ፤ ቀለሙ ላይ ነጭ ነጥብ ይሠራል። አንድ ሙሉ ፎቶ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ የመቃኛው ራስ፣ ብሪጁ። የሚያውቅ ሰው በጣም የሚወደው ግን ፕላስቲኩ ተገልብጦ ብየዳው የሚታይበትን ነው። ያንን አትተዉ።

ከፎቶው ሥር የተቀየረውን ጻፉ፦ የፒክአፑን ዓይነት፣ የመቆጣጠሪያውን ኪሎ ኦም፣ የክሩን ውፍረት፣ 17ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ከፍታ። ያልቀየራችሁትንም ጻፉ። ሌላው ሰው ለራሱ ጊታር የሚወስደው ከዚህ ነው።

ከዚያ መጀመሪያ የቀዳችሁትን ዜማ እንደገና ቅዱ። ያው አምፕሊፋየር፣ ያው ቁጥር፣ ስልኩ በያው ቦታ። ሁለቱን አከታትላችሁ አሰሙ። ያወጣችኋቸውን አሮጌ ዕቃዎች ደግሞ በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ፣ ከየት እንደወጡ ጽፋችሁ የጊታሩ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። ጊታሩን የምትሸጡ ቀን ገዢው ይጠይቃችኋል።